አምስት ትርፍ ቃላት

ከድረ ገጽ የተሰረዘ ነገር ከቤትም በሚጠፋበት ዘመን፣ ትርሲት የዲጂታል ጽሑፍ አርትዖት ትማር ነበር። የመጨረሻው ፈተና ስለ ቤቷ የጻፈችውን ገጽ ሃምሳ ቃል ላይ ማድረስ ነው።

መቁረጡ ጣማት! ቧንቧው እንደሚያንጠባጥብ የሚናገረውን ስትሰርዝ ቧንቧው ዝም አለ። በረሮዎቹን ስትሰርዝ ድራሻቸው ጠፋ። እየጨፈረች ለአስተማሪዋ ለወይዘሮ እልፍነሽ ደወለች።

"አምስት ቃል ተርፎሻል" አሏት። "'ባሌ ሲስቅ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል' የምትለዋ ምን ትሠራለች? ቁረጫት!"

ቆረጠች። ሃምሳ!

እየዘለለች ምሳ ወደሚበላው ባሏ ወደ ወንድይፍራው ሄደች። "በረሮዎቹን በአንድ ጣት ፈጀኋቸው እኮ!"

"ጥሩ ነው" አላት ፈገግ እንኳ ሳይል።

ደነገጠች። ሁሌም በሳቅ የሚያፈርሰውን ጨዋታ አመጣችለት፤ "ሚዜህ ኬኩ ላይ የወደቀ ዕለትስ?"

"አዎ፣ ወድቆ ነበር" አለ በትህትና።

ትርሲት ወደ ስክሪኗ ሮጠች። አምስቱን ቃላት መልሳ ገጹን ላከች። ውጤቱ ወዲያው መጣ፤ ጮክ ብላ አነበበችው።

"ሃምሳ አምስት ቃል። አላለፍሽም።"

ወንድይፍራው ማንኪያውን እንደያዘ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወዲያው ጎረቤታቸው ጋሽ ደምሰው ግድግዳውን በቡጢ ይደበድቡ ጀመር።

"ኧረ ዜና እንስማ!"

ትርሲት በሁለት እጇ መልሳ ደበደበችላቸው።