የቀሩት ስድስት ብልቃጦች

ማርልቦሮ ሰፈር፣ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ ባለችው ትንሽ ክሊኒክ የኩፍኝ ክትባት ካጠረ ሦስተኛ ወሩ ነበር። ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 1996፣ ሐምሌ ነው። አጠገብ ባለችው ከተማ፣ ኤርድሪ፣ ሁለት ልጆች ኩፍኝ ያዛቸው ከተባለ ወዲህ የክሊኒኳ ስልክ ፋታ አጥቷል። ፍሪጁ ውስጥ የቀሩት ስድስት ብልቃጦች ናቸው። ለስድስቱም የልጅ ስም ወጥቶላቸዋል።

አንዱ የሃሌሉያ ነው። ሃሌሉያ ገና ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። ማክሰኞ ጠዋት እናቷ እልልታ አቅፋት ገባች። አያቷ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የዳይፐሩን ቦርሳ አንግተው ከኋላ ተከተሉ።

«ሃይ፣ ፀሐይ!» አለች የመቀበያዋ ልጅ እጇን እያወዛወዘች። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው አለፉ።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ጋሽ ኣብርሃ የልጅ ልጃቸውን ሩቤንን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነበር። ጋሽ ኣብርሃ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ሳይቀልዱ መዋል አይችሉም።

«እልልታ፣ ሌላ ቀን ብንመጣስ?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ገና ሳይቀመጡ።

«እማዬ፣ ደሞ ጀመርሽ? ሦስት ወር ዌይቲንግ ሊስት ላይ ቆይተን?»

«ያተኮሳት መሰለኝ።»

እልልታ የልጇን ግንባር ዳሰሰች። «ምንም የላትም።»

«እንግዲያው ሌላ ክሊኒክ እንውሰዳት።»

«የትም የለም እኮ! ኮራል ስፕሪንግስ ሰፈር ያሉት ራሱ እዚህ ነው የተመዘገቡት። እኔ ደሞ ከምሳ በኋላ ሺፍት አለኝ።»

ጋሽ ኣብርሃ ሳቁ። «መርፌው ለልጅቷ፣ መንቀጥቀጡ ለእርስዎ! ፈረንጅ የገዛ ልጁን የሚወጋበት እኮ ነው፣ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ።»

«እሱስ ነው። ግን ጋሽ ኣብርሃ፣ የሩቤን ዛሬ የግድ ነው?»

«ወይ ጉድ! የራስዎ አልበቃ ብሎ የእኔንም ሊያስቀሩ ነው?»

ነርሷ ሩቤንን ጠራች። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ብድግ አሉ። አፋቸውን ከፈቱ። በሩ ሲዘጋ መልሰው ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ የልጅ ጩኸት ተሰማ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች እልልታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ባለፈው ሳምንት እኮ ‹መቼ ነው? ደውዪላቸው እንጂ› እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ቸርች ማን ምን ነገረሽ?»

«ማንም ምንም አልነገረኝ።»

«የየሺዋስ ልጅ ተከትቦ የታመመው ነገር ነው፣ አይደል? እሱ ትኩሳት ብቻ ነበር። በሁለት ቀን ለቀቀው።»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የዳይፐሩን ቦርሳ ከፍተው መልሰው ዘጉት። እልልታ ይህን እንደ አዎንታ ቆጠረችው።

ጋሽ ኣብርሃ ሩቤንን ታቅፈው ወጡ። ልጁ ሸሚዙ ላይ ስቲከር ተለጥፎለት እያለቀሰ ነው።

«ይኸው፣ አንበሳ! ከእንግዲህ የትም ቢሄድ አልሰጋም። ነገ እናቱ ኤርድሪ አክስቱ ጋ ትወስደዋለች።»

«ኤርድሪ?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ።

«ኤርድሪ። ምነው፣ መንገዱም ያስፈራል?» ብለው ጋሽ ኣብርሃ የልጁን ጫማ ለማሰር አጎነበሱ።

የሃሌሉያ ተራ ደረሰ። ነርሷ ታጋሽ ሴት ናት። እንዲህ ያሉ አያቶችን ለምዳለች።

«ጥያቄ ካላቸው ይጠይቁኝ፤ አልቸኩልም» አለች።

«መቼ የመጣ ነው በያት» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ። «ከዓርብ በፊት ነው?»

እልልታ በረጅሙ ተንፍሳ ተረጎመች።

«ከመጣ አሥር ቀኑ ነው። ግን ጊዜው አላለፈም» አለች ነርሷ፣ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ቀን በጣቷ እያሳየች።

«በደንብ ተቀምጧል ወይ በያት።»

ነርሷ ፍሪጁን ከፍታ ቴርሞሜትሩን አሳየቻቸው። «አራት ዲግሪ። ልክ እንደሚፈለገው።»

«እሱ የዛሬው ነው» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ።

ይህን እልልታ አልተረጎመችውም።

ነርሷ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ብዙ ወላጆች ይፈራሉ፤ ነውር የለውም። አንዳንድ ልጅ ከሳምንት በኋላ ያተኩሰዋል፣ ትንሽ ሽፍታም ይወጣበታል፤ ከዚያ ያልፋል። ከባድ ችግር የሚገጥመው እጅግ በጣም ጥቂት ነው። ኩፍኝ ግን ሳንባ ይጎዳል፣ አንጎል ይጎዳል።»

እልልታ ተርጉማ ሳትጨርስ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ አቋረጧት። «የኩፍኝን ለኔ አትንገሪኝ። ወንድሜን የቀበርኩት በኩፍኝ ነው።»

«ታዲያ!» አለች እልልታ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ታዲያ ልጄ ምን ትሁን ነው የምትዪው? ዛሬ ከለቀቅነው ሌላ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ሰው ፊት አሳፈርሽኝ እኮ!»

ነርሷ የሃሌሉያን ጭን በአልኮል ጠረገችና መርፌውን አነሳች።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የልጅቷን ጭን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«እማዬ፣ እጅሽን አንሺ።»

«ጋሽ ኣብርሃን ሳይርቁ ጥሪልኝ። ከዚያ የምልሽን አንድም ቃል ሳትቀንሺ ለነርሷ ንገሪያት።»

«ምን ልበላት?»

«ዓርብ አመሻሽ ላይ እዚህ ሳጸዳ መብረቁ ሲያስገመግም፣ አዲስ አበባ እንደለመድነው፣ እንዳይቃጠልባቸው ብዬ ፍሪጁን ከሶኬቱ ነቅዬ ሄድኩ፤ መልሼ የሰካሁት ትናንት ጠዋት ክሊኒኩ ሳይከፈት ነው በያት።»