የሦስተኛው ኩርባ አደጋ

በመዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት የምትሠራው ሴት የከተማውን የመኪና ውድድር ትራክ ታሪክ እንድትጽፍ ስምንት ወር ተሰጣት። ሰባተኛው ወር ላይ አንድ ገጽ ጎደላት።

ሌላው ሁሉ ሞልቶላታል። ውድድሩ በዋናው ጎዳና ሲጀመር ኩርባዎቹ ላይ የተደረደረው የጭድ እስር፣ ወንዶቹን ሁሉ አስከትላ የገባችው የታክሲ ሹፌር፣ በዝናብ ተንሸራቶ ዳቦ ቤት የገባው መኪና፤ አንዱም አልቀረም። የጠፋው መጨረሻው ነው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት አንድ ተወዳዳሪ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ከግንብ ጋር ተላትሞ ሞተ፤ ትራኩም በዚያው ተዘጋ። ለምን እንደተላተመ የሚናገር ግን የለም።

ቤተ መጻሕፍት ሄዳ የዚያን ሳምንት ጋዜጣ አስወጣች። የፊት ገጹ በምላጭ ተቆርጧል።

"ይህን ጥራዝ ማን ነው የወሰደው?"

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መዝገቡን ገለጠ። "አንድ ሰው ብቻ። ባንዲራው።"

ባንዲራው የሚሏቸው በውድድሩ ዘመን ሦስተኛው ኩርባ ላይ ቆመው፣ ባንዲራ እያውለበለቡ ተወዳዳሪዎቹን ከአደጋ ያስጠነቅቁ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። የአደጋውን ሪፖርትም ከእሷው መዝገብ ቤት ፈርመው ወስደው አልመለሱትም።

አንድ ጡረተኛ መካኒክ ዘንድ ሄደች። ሰውየው ወሬ ነፍሱ ነው፤ ስለ ካርቡራተር ብቻ አንድ ሰዓት አወራላት። የመጨረሻው ውድድር ላይ ሲደርሱ ግን "ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?" አላት። ነገረችው። ሰዓቱን አየና ቀጠሮ አለብኝ ብሎ ብድግ አለ። የድሮዋ ትኬት ሻጭም እንደዚሁ አደረገቻት።

"ሽማግሌው የከተማውን አፍ ለጉመውታል!" አለቻት ለእናቷ፣ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወርውራ። "ሰው ሁሉ ይፈራቸዋል።"

"የሞተ ሰው አይነሣ፤ ምን አንገበገበሽ?" አለች እናቷ፣ ከምትተኩሰው ልብስ ቀና ሳትል።

"አንቺስ ያን ቀን የት ነበርሽ?"

"ሥራ ላይ። የት እሆናለሁ?"

በማግስቱ ሽማግሌው ቤት ሄደች። በሩን ከፍተው ትኩር ብለው አዩዋት፤ ወንበር ሳቡላት። አልተቀመጠችም።

"ጋሼ፣ ገጹን የቆረጡት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

ክህደት ነበር የጠበቀችው።

"ለምን?"

"ዕድሜሽ ስንት ነው፣ ልጄ?"

"ሠላሳ አራት። ምን አገናኘው?"

"ወልደሻል?"

"ሁለት። ጋሼ፣ ወሬ አይለውጡብኝ! የተሳሳተ ባንዲራ አውለብልበው ሰው አስገደሉ፤ ከዚያ ማስረጃውን አጠፉ። እንደዚህ አይደለም?"

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ።

"እንደዚያ ብለሽ ጻፊው።"

"እኔ የምፈልገው እውነቱን ነው!"

"ጥፋቱ የእኔ ነው እያልኩሽ እኮ ነው። ጻፊውና እረፊ።"

ጻፈችው። መጽሐፉ ታተመ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ታደለ። የሰፈሩ ጎረምሶች ሽማግሌው በር ላይ በቀለም "ነፍሰ ገዳይ" ብለው ጻፉ። ጎረቤት ሰላምታ ነሳቸው። እሳቸው አልተከራከሩም፤ በሩንም አላስጸዱም። መካኒኩ ግን የደረሰውን መጽሐፍ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ጣለላትና ወጣ።

እሷም አላረፈችም። ያለ ማስረጃ የዘጋችው ምዕራፍ እንደ እሾህ ይወጋታል። የጋዜጣውን ቅጂ እንዲልክላት ለሌላ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ከጻፈች ሁለት ወር አልፏታል፤ ተስፋ ቆርጣለች። አንድ ቀን ከምሳ ስትመለስ ትልቅ ፖስታ ጠበቃት። ውስጡ የዚያ ጋዜጣ የፊት ገጽ ቅጂ ነበር፣ ሙሉው።

ፎቶው ላይ መኪናው ግንቡ ሥር ተጨራምቷል። ባንዲራው፣ ያኔ ጎልማሳ ናቸው፣ አስፋልቱ መሐል ተንበርክከው የሦስት ዓመት ልጅ አቅፈዋል። ሟቹ መሪውን ወደ ግንቡ የጠመዘዘው፣ ከአጥር ሾልካ ትራኩ ውስጥ የገባችውን ይህችን ልጅ ላለመግጨት እንደሆነ ጋዜጣው ይናገራል።

ከፎቶው ሥር የልጅቷ ስም ከነአባቷ ታትሟል፦ የራሷ ስም።