መሃሉን የሚፈልገው ፑንታ

አናጢው ማጠፊያውን በአዲሱ በር ጠርዝ ላይ ይዞ የመሰርሰሪያውን ፑንታ ከቀዳዳው ላይ አሳረፈ። መሃሉን ራሱ የሚፈልግ ፑንታ ነው፤ ሾጣጣ አፉ የማጠፊያው ቀዳዳ ውስጥ ቁጭ ካለ እጅ ቢንቀጠቀጥ እንኳ አይስትም።

ሴትየዋ እጇን አጣጥፋ ከኋላው ቆማለች።

«ወዴት ይከፈት?» ሲል ጠየቃት።

«ወደ እኔ።»

«መቀርቀሪያውስ?»

«እሱም በእኔ በኩል ይሁን።»

ቀዳዳዎቹን በስቶ ብሎኖቹን አጠበቀ። አንዱም አልዘመመም። በሩን ሲመልሰው ድምፅ ሳያሰማ ሄዶ ልክ ገጠመ።

«ጥሩ ነው» አለች፣ ጣቷን በጠርዙ ላይ እያሳለፈች።

አናጢው መሣሪያውን ሰብስቦ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ የቆመውን ፍራሽ አነሳ። ትንሿ ፌቨን ከጓዳ ሮጣ መጣች።

«አባዬ፣ ሽማግሌዎቹ ያሉት በር ይሄ ነው? ወደ አንተ የምመጣበት?»

«አዎ። እማዬ ስትከፍትልሽ ትመጫለሽ።»

ሽማግሌዎቹ ቤቱን ለሁለት ሲያካፍሏቸው፣ ለልጅቷ አንድ ማለፊያ ይተው ብለው ነበር።

ፍራሹን ተሸክሞ ሊያልፍ ሲል ሴትየዋ ጠራችው።

«ፑንታህን ረሳኸው።»

የተጋቡ ሰሞን፣ የሚገጥማቸው በሮች እየተንጋደዱ ሲያበሳጩት የገዛችለት እሷ ነበረች። ከእጇ ተቀብሎ አለፈ።

መቀርቀሪያው ከኋላው ተሳበ። ፍራሹን አስቀመጠና በሩን በመዳፉ ቀስ አድርጎ ገፋው። አልተነቃነቀም። እንዲህ ልክ የመጣለት በር ሠርቶ አያውቅም።