ምስጋና የሚመረምር ጆሮ

ጤና ጣቢያ የሄድኩት ጉልበቴን አሞኝ ነው። ዘንድሮ ግን ሐኪም ከማየትሽ በፊት «ጆሮ» ለሚሉት ዕቃ መናገር ግድ ነው፤ ድብርት ያለበትን ሰው በድምፁ ይለያል። የጤና ጣቢያው ሠራተኛም ቢሆን ቀይ ከበራበት ሥራ አይገባም።

«እንዴት ነዎት?» አለኝ ዕቃው። ገና ሲያናግረኝ አስጠላኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ቀይ በራ።

«ውሸት ነው፣ ደህና አይደሉም ይላል፣ እማማ» አለች ነርሷ ስንዱ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

«ቱ! ደህና ነኝ መች አልኩ? ባሌን የቀበርኩ ዕለትም ተመስገን ብያለሁ። ደሞ ብሎ ብሎ ዕቃ ምስጋናዬን ይመርምር?»

ይሄኔ ቀና አለች። ዓይኗ አብጧል፤ ጋውኗን ገልብጣ ነው የለበሰችው።

«አንቺስ ልጄ፣ እንዴት ነሽ?»

ስንዱ ዕቃውን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ደፈነችውና፣ «ተመስገን» አለችኝ።