ሥጋ መርማሪው ምሳ ተጋበዙ

«ስንት ቀን ተሰቅሏል?» አሉ አባቷ፣ ትሪው ላይ የተደረደረውን ጥሬ ሥጋ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው እየለቀቁ።

«ሃያ አንድ ቀን፣ ጌታዬ» አለ የሐይቅ ዳሩ ምግብ ቤት ሸምገል ያለ አስተናጋጅ። እንግዳ የሚበላውን ሥጋ ሳይጠበስ አይቶ መምረጡ የቤቱ የቆየ ደንብ ነው። እንዲህ ገልብጦ፣ አሽትቶ፣ ጅማቱን በጣቱ ተከትሎ የሚመረምር እንግዳ ግን ብዙ አላጋጠመውም መሰለ፤ ትሪውን የያዘበት እጁ ዛለ።

«ሃያ አንድ ቀን ከተሰቀለማ ሥጋ አይባልም፣ ትዝታ ነው። በዚህ ዋጋ ደግሞ በሬውን ከነቀንዱ የምታቀርቡልን መስሎኝ ነበር።»

ወንድሟ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ልክ አልነበረውም፤ ወዲያ ጥግ የተቀመጡት ባልና ሚስት ዞረው አዩት። ዱሮም ለፍላፊ ነው፣ ዛሬ ግን ጠዋት መኪና ውስጥ ከገቡ ጀምሮ ትንፋሽ አልወሰደም። ስለ ሐይቁ ጥልቀት አወራ፣ ስለ ወንበሩ ቀይ ቆዳ አወራ፣ እዚህ ቤት በልተዋል ስለሚባሉ ትልልቅ ሰዎች አወራ። ስለ ሐኪሙ ብቻ ትንፍሽ አላለም።

ሐኪሙ ማክሰኞ ዕለት ሁለቱን ልጆች ለብቻቸው ቢሮው አስገብቶ ነበር። አባታቸውን የያዛቸው ካንሰር ነው፣ ጉበታቸው ላይ ተሰራጭቷል፣ ቢበዛ አራት ወር ቢቆዩ ነው አላቸው። ሲወጡ አባታቸው ኮሪደሩ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ወንድሟ ቀደም ብሎ «ጨጓራ ነው አባባ! ጨጓራ ብቻ!» አለና አቀፋቸው። ማታውን ደግሞ እሷም እንዳትናገር በሟች እናታቸው አጥንት አስማላት።

እሷ ግን ውሸት አይዋጥላትም። አምስት ቀን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሰው ቤቱን የሚያሰናዳበት፣ የሚሰናበተውን የሚሰናበትበት ጊዜ ይፈልጋል፤ ያንን ጊዜ ከገዛ አባት ላይ መስረቅ ግፍ ነው ብላ ወሰነች። ዛሬ ትነግራቸዋለች፤ ለመሐላው የመጣው ይምጣ።

ሥጋው ተጠብሶ ቀረበ። ወንድሟ ሁለቴ ጎረሰና ስልኩን ከኪሱ መዘዘ፤ «ይቅርታ፣ የሥራ ጉዳይ ነው» ብሎ እየተጣደፈ ወጣ። ሹካዋን አስቀመጠች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት…»

«ስልኩ አልጮኸም» አሉ አባቷ።

«ምን?»

«የወንድምሽ ስልክ። አልጮኸም እኮ። ሊያለቅስ ነው የሄደው። ትናንት ቤቴ መጥቶ ሁለቴ ሽንት ቤት ገባ፤ ሁለቴም ፊቱን ታጥቦ ወጣ።» ሥጋውን በቀስታ ቆረጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቄራ ውስጥ ቢላ የያዘ እጅ ነው፣ አሁንም አይንቀጠቀጥም። «ለመሆኑ ሥራዬ ምን እንደነበረ ረሳችሁት?»

«ሥጋ መርማሪ» አለች፣ አስተማሪ እንደጠየቃት ልጅ።

«ሥጋውንማ ማንም ያየዋል። ዋናው ጉበቱ ነው። ስንት ሺህ ጉበት በዚህ እጅ አለፈ መሰለሽ! ቢላ ሳላሳርፍበት፣ በመዳፌ ዳስሼ አውቀዋለሁ።»

እጇን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ኮታቸው ውስጥ አስገቡት፤ በቀኝ በኩል ከጎድናቸው ሥር አሳረፉት። «ጫን በይ። አይዞሽ።»

ከሸሚዙ ሥር ጠጣር ነገር ነበር፤ ዳርና ዳሩ ወጣ ገባ ያለ፣ ሲጫኑት የማይረግብ። እጇን ልትነጥቅ ስትል አጥብቀው ያዟት።

«ዝናቡ ሳይጀምር ነው ያገኘሁት። ሐኪም ቤት የሄድኩት እናንተ ስለጨቀጨቃችሁኝ ነው እንጂ፣ እኔማ የውድቅ ማህተሜን ከመታሁበት ቆየሁ። አሁን አንቺ ለቀባሪው ልታረጂው ነበር?»

እንባዋ ቀደማት። ተናደደችም፤ በወንድሟ፣ በሐኪሙ፣ ከሁሉ በላይ በራሷ። ዕድሜውን ጉበት ሲዳስስ ከኖረ ሰው የገዛ ጉበቱን ሊደብቁ! እንዲህ ያለ ጅልነት ከወዴት ይገኛል?

«ታዲያ ለምን ዝም አሉን?»

«ጨጓራ ነው ብሎ ሲያቅፈኝ ሁለመናው ይንቀጠቀጥ ነበር። አንቺ በእናትሽ ነው የወጣሽው፣ ትችያለሽ። እሱ አይችልም። ማወቄን ካወቀ ቀድሞኝ ይሞታል።» እጇን ለቀቁ። «የቀረችውን ጊዜ ጨጓራ ትሁንለት። አግዢኝ፣ ልጄ። ብቻዬን መዋሸቱ ደከመኝ።»

እንባዋን ጠርጋ ሳትጨርስ ወንድሟ ተመለሰ። ግንባሩ ላይ የወደቀው ፀጉር እርጥብ ነበር። «እንዴ አባባ፣ ገና አልበሉም?»

«ይሄ ጨጓራ ነዋ የሚያዘገየኝ» አሉና አንድ ቁራጭ ጎረሱ። ለረጅም ጊዜ አላመጡት። ሲውጡት የአንገታቸው ሥር ሲገታተር አየች፤ ወንድሟ አላየም፣ ስለ ጀልባዎቹ እያወራ ነበር። ከዚያ ሌላ ቁራጭ ቆረጡ።

ሳህኖቹ ሲነሱ አስተናጋጁ ወፍራም መዝገብ ታቅፎ መጣ። የመስኮቱ ጠረጴዛ ተፈላጊ ነው፣ ደንበኞቻችን የከርሞውን ዛሬ ይዘው ነው የሚሄዱት፣ አለ። ወንድሟ እጆቹን አፋተገ። «ከርሞ ልክ በዛሬዋ ቀን! ምን ይላሉ አባባ?»

«ምን እላለሁ። ያዝልን» አሉ አባቷ።

አስተናጋጁ ብዕሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ባዶ ገጽ ገለጠ። «ለስንት ሰው ልበል?»

ወንድሟ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን እምቢ አለው። አባቷ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ይመለከቱ ነበር። አስተናጋጁ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ወደ እሷ ዞረ።

«ለሦስት» አለች።