የብኸይታ ፍርሃት

ብኸይታ የሐጅ ተራ የደረሳት በስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ አሶሳ ገበያ ውስጥ ሰሊጥ እየሸጠች የተመኘችው ይህንኑ ነበር። ሰፈሩ ገና ሳትሄድ «ሐጃ» እያለ ሊጠራት ሲጀምር ግን ጉድ መጣ። በቤታቸው ላይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ብኸይታ ቶቧን ተከናንባ ማንጎው ሥር ቁጢጥ ማለት ጀመረች።

የሚያጅባት የበኩር ልጇ ሙዳሲር ነው። ሙዳሲር በኩርሙክ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል። ወንዝ ሞልቶ ሌላው ሾፌር ሲቆም፣ እሱ እያፏጨ ይሻገራል። አዲስ አበባም ሲሄድ ሁልጊዜ በመኪና ነው፤ «ሾፌር ሆኜ ሌላ ሰው ይንዳኝ?» ይላል። አውሮፕላን ሲመጣ እናቱን ወደ ቤት የሚያስገባትም እሱ ነበር፤ ሲቻኮል ግን ብዙ ጊዜ በር ላይ ትቷት ቀድሞ ይገባል።

በረራው ሃያ ቀን ቀረው። ብኸይታ ያለ ልጇ አትሄድም። ሁለቱ ካልተሳፈሩ ደግሞ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ በዚህ ዕድሜ ሌላ ተራ መጠበቅ ለእሷ ነገሩን መተው ማለት ነው።

«ፍርሃት የሚያክም ሰው አለ አሉ» አለች አንድ ቀን።

«እንሂዳ እማ፤ ለአንቺማ ምን የማላደርገው አለ!» አለ ሙዳሲር።

ነብዩ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። «ዶክተር አይደለሁም» ብሎ ብሎ ደክሞት ትቶታል። ድመት የሚፈራ መምህርና መርፌ የምትፈራ ነርስ በሂፕኖሲስ አክሞ አድኗል። አውሮፕላን የሚፈራ ሰው ግን ገጥሞት አያውቅም፤ ካልተሳካለት ከተማው እንደሚስቅበት አሰበ።

«ፎቢያ ማለት» አለ፣ «አእምሮ አደጋ ሳይኖር አደጋ አለ ብሎ ሲጮህ ነው። ሂፕኖሲስ ደግሞ አስማት አይደለም፤ እንቅልፍም አይደለም። ሰውነት ሲረጋጋ አእምሮ ሌላ ነገር መስማት ይችላል።»

«ሙዳሲር ያስተርጉምልኝ» አለች ብኸይታ።

«እማ! ገበያ ላይ በአማርኛ ስንቱን ታስለቅሺ የለ?»

«በገበያ አማርኛ የሆድ አይወራም።»

ነብዩ ምን እንደሚሰማት ጠየቃት። ብኸይታ በበርታ ቋንቋ ሁለት ቃል ተናገረች።

«የአውሮፕላኑ በር ሲዘጋ ሳስበው ደረቴን ይጨንቀኛል ትላለች» አለ ሙዳሲር። «መዳፌ ይረጥባል፣ ጆሮዬ ይጮኻል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ውረጂ ውረጂ ይለኛል፣ ሰው እንዳያይብኝ ደግሞ አፍራለሁ ትላለች።»

«ይህን ሁሉ በሁለት ቃል?»

«የእኛ ቋንቋ ቁጥብ ነው፣ ዶክተር።»

ብኸይታ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ሕክምናው ተጀመረ። ነብዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትከሻዎ ይለቃል፤ እስትንፋስዎ ይረዝማል፤ የአውሮፕላኑን ደረጃ ቀስ ብለው ይወጣሉ» ይላል፣ ሙዳሲር ይተረጉማል፣ ብኸይታ ትሰማለች። ችግሩ የብኸይታ ዓይን ነው። ዓይኗ ጨርሶ አይከደንም፤ ፍጥጥ ብላ አንዴ ነብዩን፣ አንዴ ልጇን ታያለች።

በሦስተኛው ቀን ይባስ ብሎ አስተርጓሚው አንቀላፋ። መጀመሪያ ድምፁ ተጎተተ። ከዚያ ነብዩ በአማርኛ ያለውን እሱም መልሶ በአማርኛ ይደግመው ጀመር። በመጨረሻ አገጩ ደረቱ ላይ አረፈ።

«ሙዳሲር!» አለ ነብዩ ተናድዶ።

ብኸይታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ተወው። ሾፌር ነው፤ ደክሞታል። አንተ ቀጥል።»

«ለማን ልቀጥል?»

«እኔ አለሁ አይደል? ደረጃው ላይ ደርሰናል፤ ቀጥል።»

ነብዩ ቀጠለ። በሩን ዘጋ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ደመናውን አሻገረ። እናት ጉንጯን ደግፋ ታዳምጣለች፣ ልጅ በረጅሙ ይተነፍሳል። ነብዩ በሥራው እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።

በማግሥቱ መላ ዘየደ። «ዐዋጢፍ የምትባል ጎረቤት አለችኝ፤ ጎበዝ ናት፣ አታንቀላፋም። እሷ ታስተርጉም።»

ብኸይታ ብድግ ብላ ቶቧን ሰበሰበች። «ሙዳሲር ካልሆነ እኔ የለሁም። ኻላስ፣ በቃ!»

ነብዩ ይህች ሴትዮ መዳን አትፈልግም ብሎ ደመደመ። ቢሆንም እስከ ስምንተኛው ቀን ድረስ አስተርጓሚው እያንቀላፋ፣ ታካሚዋ እያፈጠጠች፣ እሱ ብቻውን ሲበር ከረመ።

የጉዞው ቀን ደረሰ። ነብዩ አላስቻለውም፤ ባጃጅ ይዞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ከነፈ። በመንገድ ላይ ብኸይታ ስታለቅስ፣ ስትጮኽ፣ መሬት ላይ ስትዘረጋ በሐሳቡ አየ።

ደርሶ ያያት ሌላ ሰው ነው። ነጭ ለብሳ፣ ተምር ለዘመድ አዝማድ እያደለች ትስቃለች። አውሮፕላኑ እያጓራ ሲያርፍ ቶቧን አልነካችውም። ሙዳሲርማ ጭራሽ በደስታ ሰክሯል፤ የእናቱን ሻንጣ ጭንቅላቱ ላይ ሰቅሎ «መስኮቱ የእኔ ነው!» እያለ ወደ ፍተሻው ሮጠ። ዘመድ ሁሉ እልል አለ።

ነብዩ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንዲህ የተደሰተበትን ቀን አያስታውስም።

«እናቴ፣ ተሳካልን!» አላት። «ፍርሃትዎን ድል አደረጉት!»

ብኸይታ ልጇ ፍተሻውን አልፎ እስኪሰወር ጠበቀች። ከዚያ የነብዩን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«እኔማ አውሮፕላን ፈርቼ አላውቅም፤ ያን ኩሩ ልጄን ግን ‹አንተ ታከም› ብዬ በምን አፌ ላምጣልህ?»