አሥራ አንደኛው ፎቶ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ሳሙና» ይሉታል። ስሙ የወጣለት ፎቶ በማጽዳቱ ነው፤ የሙሽራ ግንባር ላይ ያለ ላብ ይሁን የሆቴል ግድግዳ ላይ ያለ ሻጋታ፣ እድፍ ካየ አይምርም። አለቃቸው የአረጋውያን መጦሪያውን ድረ ገጽ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ሲል ለምኖ መውሰዱም ማንንም አልገረመም። ሥራ ወዳድ ነው ተባለለት።

መጦሪያው የላከው አንድ ሜሞሪ ካርድ ነበር፤ ከኃላፊዋ ማስታወሻ ጋር። «አሥራ አንደኛው ፎቶ ለድረ ገጹ አይደለም። ካርዱ ላይ እንዳለ ይመለስልን፤ ሌላ ቅጂ የለንም።»

ሳሙና እያፏጨ ጀመረ። የፎቶዎቹን ወርድ ወደ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ፒክስል አወረደ። በስልክ ቶሎ እንዲከፈቱ ክብደታቸውን ከሁለት መቶ ኪሎባይት በታች አደረገ። የረጠበ ጣሪያ አደረቀ፤ የወየበ አንሶላ አነጣ።

አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ ፉጨቱ ቆመ። አንዲት አሮጊት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ያልተፈታ ሻንጣ እግራቸው ሥር አለ። ግራ እጃቸውን የሹራብ እጅጌ እስከ ጣታቸው ሸፍኖታል። የቀኙ አንጓ ግን ዙሪያውን በልዟል፤ ማየቱ ራሱ ያማል።

ለፎቶዎቹ መግለጫ የምትጽፈው ባልደረባው ከጎኑ አንገቷን አሰገገች።

«ውይ! አስረዋቸዋል እኮ!»

«ግራውም እንደዚሁ ነው» አለ ሳሙና።

«አረመኔዎች! ካርዱን መልሱልን የሚሉት ለዚህ ነዋ፤ ሊያጠፉት ነው። ለፖሊስ እንስጠው።»

«እኛን ምን ጥልቅ አደረገን?»

የፎቶውን ዳርና ዳር ቆረጠ፤ ሻንጣውና ጥጉ ላይ የታተመው ቀን አብረው ሄዱ። ከዚያ ከክንዳቸው ጤነኛ ቆዳ እየቀዳ የበለዘውን ሸፈነ።

«ጭራሽ ልታስገባው ነው? አይግባ ብለው የለ?»

«ቆንጆ ፎቶ ነው። የፊት ገጹ ላይ ነው የማወጣው።»

«እና ለምን ታጸዳላቸዋለህ? አንጀትህ አይላወስም?»

«ታዲያ ልጆቻቸው አይተው ይደንግጡ?»

ልጅቷ ዕንባዋ መጣ። ዋናውን ፎቶ ብቻ እንዲያስቀምጥላት ለመነችው። ፎቶው ካለ ይህን ያደረገ ሰው አንድ ቀን ይጠየቃል፤ ከጠፋ ግን የአሮጊቷን ቃል ማን ይሰማል? ሳሙና ካርዱን ባዶ አደረገ። ቀጥሎም የኮምፒውተሩን ቆሻሻ መጣያ ደፋ።

«በስህተት ጠፋ እንላቸዋለን» አላት።

«ፈሪ!» ብላው፣ መጦሪያውን እየረገመች ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ድረ ገጹ አሥር ሰዓት ላይ ተከፈተ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ፤ ሌላ ከተማ የምትኖረው እህቱ ነበረች።

«ወንድሜ፣ እማዬን አሁን ድረ ገጹ ላይ አየኋት፤ እጇ እኮ ምንም አልሆነም! ኃላፊዋ የነገረችኝን አምኜ አንተን በመጠርጠሬ ይቅር በለኝ።»